ብሩሽ የምጠርግበት ሸራ

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ተሳካ። የጋለሪዋ ባለቤት ዛሬ ታፔላ የምሠራበት ሱቅ ድረስ ደወለችልኝ። ባለሻርፗ ነው የምላት፤ ቢበርድም ቢሞቅም ሻርፕ ከአንገቷ አይወርድም። ለብቻዬ ዐውደ ርዕይ ልታዘጋጅልኝ ነው። ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር ተጣብቄ አንድ ጥግ ላይ አንድ ሥዕል መስቀል ቀረ፤ ሁለቱም አዳራሾች የኔ ናቸው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ።

ስልኩን ስዘጋ አለቃዬ "ምን ሆንሽ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አለኝ። ስደሰት ፊቴ እንደዚያ ነው ማለት ነው። የያዝኩትን ታፔላ ልጨርስ ብዬ ተመለስኩና "ጥርስ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ለጠፍኩት። የጥርስ ሐኪሙ ገና አላየውም። አለቃዬ አይቶ ምንም አላለኝም፤ ዕድሜ ይስጠው።

ርዕሱ ከራሴ ወጥቶ አያውቅም። "የማን ነኝ"። ስንት ዓመት የሳልኩት እሱን አይደል? እናቴን። የወለደችኝን ማለቴ ነው። ፊቷን ስለማላውቀው ፊት አልስልም። ቀለም እደራርባለሁ፣ በስለት እፍቃለሁ፣ እንደገና እደራርባለሁ። ሰው መጥቶ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲለኝ "አንተ የምታየውን ነው" እላለሁ። ውሸቴን ነው። ምን እንደሆነ እኔ በደንብ አውቃለሁ።

ለእቴቴ እሑድ እነግራታለሁ። በስልክ የሚነገር አይደለም።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ባለሻርፗ "ራስሽን በአጭሩ ግለጪልኝ" ብላኛለች። እዚህ ልለማመደው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየችም። አባቴ ሥራ ፍለጋ ብሎ ሄደና እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ ከኔ ያንሳል። አንድ ቤት ነው ያደግነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ እስካሁን ድረስ የቤቷን ስልክ ስታነሳ "አቤት፣ ማንን ልበል?" ትላለች።

ሲጻፍ እንዴት አጭር ነው።

ዛሬ ሄጄ "እቴቴ፣ የብቻዬን ኤግዚቢሽን ላሳይ ነው" አልኳት።

"የብቻሽን? ሌሎቹ ምን ሆነው ነው?"

የክብር ነገር እንደሆነ ሳስረዳት ብድግ ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ ያሰበችው ስለ ጫማ ነው። ያሏት ጫማዎች ሁሉ ለሐዘን ቤት እንጂ ለደስታ አይሆኑም አለች። ስለ ሥዕሎቹ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ሁሌም እንደዚሁ ናት። ደግሞም ለሷ ማስረዳት አይሆንልኝም፤ ሥዕል አይገባትም።

ልጇ ማታ ላይ ከፋርማሲው መጣ። "እህትዓለም፣ ታዲያ ሥዕልሽ ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ የሚታየው?" አለኝ። መድኃኒት ሻጭ ቀልዱም መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ሦስታችንም ሳቅን።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ሱቅ ውስጥ ሥራው ጎርፍ ሆነ። የጥርስ ሐኪሙ ታፔላውን መለሰው። ትልቁ ሸራ መሃሉ አልደረቀም፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞከርኩት፣ ጠርዙ ተሰነጣጠቀ። የራሴ ችኮላ ነው። ጊዜው አይበቃኝም። አይበቃኝም።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ባለሻርፗ ሥዕሎቹን ልትመርጥ ቤቴ መጣች። ከጓሮ ያለችውን ክፍሌን ለሷ ብዬ ጠርጌያት ነበር። ሸራዎቹን አንድ በአንድ እያዞርኩ አሳየኋት። ራሷን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ፣ አንዳንዴ "እህ"።

ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች። "ይሄስ?"

"እሱ ሥዕል አይደለም። ብሩሽ የምጠርግበት ነው።"

እውነቴን ነው። ቀለም በቀየርኩ ቁጥር ብሩሹን የማራግፍበት፣ ስለቱን የማብስበት ቁራጭ ሸራ ነው። ክፍሏን የያዝኩ ጊዜ በቀኝ እጄ በኩል ግድግዳው ላይ ቸነከርኩት፣ ከዚያ ወዲህ ሳላየው ነው እጄ የሚሄደው። ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሳ ወፍሮ እንደ ቁርበት ሆኗል። አንድም ቀን ፊት ለፊቱ ቆሜ አይቼው አላውቅም።

"ይሄ ይሰቀላል" አለች።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። "ጨርቅ እኮ ነው! የብሩሽ መጥረጊያ ጨርቅ አልሰቅልም፣ ሰው ምን ይለኛል?" አልኳት። ተከራከርን። እሷ ስትከራከር ሻርፗን ታጠብቃለች፣ እኔ ደግሞ ድምፄ ይቀጥናል። መጨረሻ ላይ ተስማማን፤ ይሰቀላል፣ ግን ከኋላ፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ ያለ ርዕስ። ሚስማሮቹን ነቀልኩላትና ጠቅልላ ወሰደችው። ግድግዳው ላይ እሱ የነበረበት ቦታ ብቻ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ቀረ።

አሁን የምጠርግበት አጥቼ ብሩሼን ሱሪዬ ላይ ነው የምጠርገው።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ባለሻርፗ ለመጥሪያ ካርዱና ለግድግዳው የጻፈችውን በስልክ አነበበችልኝ። "ወላጅ እናቷን በሕፃንነቷ ያጣችውና በሰው ቤት ያደገችው ሠዓሊ፣ በእነዚህ ሥራዎቿ የማን እንደሆነች ትጠይቃለች።"

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"በሰው ቤት" ስትል የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ግን ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ነበር፣ አለቃዬም በዓይኑ ይጠራኛል። "አክስቴ ጋ ነው እኮ ያደግኩት" አልኳት። "እሱማ ገብቶኛል፣ አክስት ሲባል ግን ታሪኩ ይቀዘቅዛል" አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። በጣም ጥሩ ነው ሁሉ ሳልል አልቀረሁም።

ውሸትም አይደለም። አባቴ ቤት አላደግኩም፣ እናቴ ቤት አላደግኩም። ታዲያ ምን ይባላል?

ሚያዝያ 1፣ ማክሰኞ

ካርዱ ታተመ። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ስሜ በትልቁ። የእቴቴ ልጅ መጥቶ ለፋርማሲው መደርደሪያ ብሎ ጭብጥ ሙሉ ወሰደ። "እህትዓለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳል ያለበት ሁሉ ሥዕል ወዳጅ ይሆናል" አለኝ። ሳያነበው ነው ኪሱ የከተተው።

ሚያዝያ 6፣ እሑድ

ለእቴቴ ካርዷን ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። አነበበች። ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ጀርባው ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠችው፣ እንደገና አነበበች።

"ጥሩ ወረቀት ነው፣ ወፍራም ነው" አለች።

ከዚያ ተነስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እቤቷ የገባ ወረቀት ሁሉ፣ የልጇ ዲፕሎማ፣ የኔ የሦስተኛ ክፍል ሥዕል፣ ሁሉም የሚቀመጠው እንግዳ ሲገባ በሚያየው የቡፌ መስታወት ላይ ነው። ካርዱ ነጭ ስለሆነ እንዳይቆሽሽ ብላ መሆን አለበት።

ጫማ ገዝታለች። ጥቁር፣ ከፊቱ ትንሽ ቋጠሮ ያለው። ካርዱን ከመስጠቴ በፊት ነው ያሳየችኝ።

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

ደወልኩላት። "ደህና ነኝ። ደህና ነሽ? በይ ደህና ሁኚ።" ጠረቀመችው። ኦፕሬተር ቀድሞ ስልክ አይዘጋም ብላ ያስተማረችን እሷ ናት። ጉልበቷን ብርዱ ይዟት ይሆናል።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

"ዛሬ አትምጪ፣ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔንም ጉልበቴን አሞኛል" አለችኝ። ጥሩ ሆነ፣ ሙሉ ቀን አገኘሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሑድ እሷ ዘንድ ያልዋልኩት ታምሜ ስተኛ ብቻ ይመስለኛል፤ ያኔም እሷው ዘንድ ነው የተኛሁት።

ሙሉ ቀን ሠርቼ ሙሉ ቀን አበላሸሁ። የነካሁት ቀለም ሁሉ ጭቃ ይሆናል። አዲስ ሰማያዊ ጨምቄ ለመጥረግ እጄን ወደ መስኮቱ ስሰድ ባዶ ግድግዳ ነካሁ።

ጉልበቷ ነው። ሁሌም በዚህ ወቅት ያማታል። ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ይገባኝ ነበር፣ ኤግዚቢሽን ኤግዚቢሽን ስል ረሳኋት።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

ልጇ በምሳ ሰዓት ሱቅ መጣ። ለአለቃዬ "የአክስቴ ልጅ ነው" ብዬ አስተዋወቅኩት። እጁን ዘርግቶ ሲጨብጥ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ። ወደ ውጭ ወጣን።

"የአክስቴ ልጅ ሆንኩ?" አለኝ።

"ታዲያ አይደለህም?"

"ነኝ። እኔ ለሰው ሁሉ እህቴ እያልኩ ነው የማስተዋውቅሽ፣ ለዚያ ነው።" ከዚያ ካርዱን ከኪሱ አወጣ። ታጥፏል። "በሰው ቤት ነው ያደግኩት አልሽ?"

"እኔ አይደለሁም የጻፍኩት፣ ሴትዮዋ ናት።"

"አንብባልሻለች አይደል?"

"ውሸት ግን አይደለም እኮ" አልኩት።

"ውሸት ነው መች አልኩሽ።" እሱ ሲናደድ አይጮህም፣ ቀስ እያለ ነው የሚናገረው፤ ያ ይብሳል። "እማዬ ካርዱን የደበቀችው ጎረቤት እንዳያየው ነው። ሠፈር ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ አንቺን የወለደችሽ እሷ ነው የምትመስለው። እሷም አንድም ቀን አይደለሁም ብላ አታውቅም። አሁን በዚህ ዕድሜዋ ሰው ምን ይላታል?"

"ለምን ራሷ አልነገረችኝም?"

"ምን ብላ ትንገርሽ? እስቲ አንቺ ምን ብላ እንድትልሽ ነው የፈለግሽው?"

ከዚያ ጫማውን ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ወደ ሱቁ ይዛው ሄዳ ነበር አሉ፣ ልመልሰው ብላ። አንቀበልም ብለዋታል።

የምሳ ሰዓቴ አለቀ ብዬ ገባሁ። አላለቀም ነበር። ከኋላ የፕላስቲክ ጥቅል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ የፀጉር ቤት ታፔላ ቆረጥኩ።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

ባለሻርፗን ለመንኳት። ያቺን ዐረፍተ ነገር አውጪልኝ፣ ወይም ቀይሪልኝ አልኳት።

"አሁን? ካርዱ ተበትኗል። ጋዜጠኞቹም ይዘውታል። ደግሞስ ያለሷ ሥዕሎቹ ምን ይናገራሉ? ቀለም ብቻ ይሆናሉ።" ቀጥላ "አክስትሽ ተቆጡ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ አልተቆጣችም" አልኳት።

"እንግዲያው?"

እሺ አልኳት። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ዕድሜዬን በእሺ ልጨርሰው ነው። አልተቆጣችም ከማለት አዝናለች ማለት ምን ያቅታል? አንድ ቃል እኮ ነው።

የግድግዳውን ጽሑፍ ፊደል የሚቆርጠው የኛ ሱቅ ነው። አለቃዬ ሥራውን ለኔ ሰጠኝ፣ ደስ ይላታል ብሎ።

ሚያዝያ 22፣ ማክሰኞ

መጻፍ አለብኝ፣ ካልጻፍኩት አልተኛም።

ጠዋት ጋለሪው ገባሁ። ሥዕል የሚሰቅለው ሰውዬ ሁሉንም ጨርሷል። ሠዓሊ ሆኜ ሳይሆን ታፔላ ሠራተኛ ሆኜ መሰላል ላይ ወጥቼ ፊደሎቹን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። "በሰው ቤት" የሚለውን ጨርሼ "ያደገችው" ላይ ስደርስ ከበሩ በኩል የጫማ ድምፅ ሰማሁ። አዲስ ጫማ ድምፁ ያስታውቃል።

እቴቴ ናት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሐሙስ መክፈቻው ላይ ሰው ይበዛል፣ አላይም ብዬ ነው። ሥራሽን ቀጥይ" አለችኝ።

እንዴት ልቀጥል? ግን አልወረድኩም። መሰላሉ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ፊደሉ ጣቴ ላይ ተለጥፎ። ጽሑፉን ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥዕሎቹ ሄደች። አንድ በአንድ። እያንዳንዱ ፊት እየቆመች፣ ከሥር ያለውን ርዕስ እያጎነበሰች እያነበበች። የሰው ቤት የምትጎበኝ ነበር የምትመስለው፣ ምንም እንዳትነካ ተጠንቅቃ።

"እነዚህ ሁሉ እናትሽ ናቸው?"

"እሷን እያሰብኩ ነው የሠራኋቸው።"

"ቆንጆ ነበረች" አለች። "አንገቷ ረዘም ያለ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፣ አንድ ጥርሷ ትንሽ ስለተደረበ ታፍር ነበር። የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም፣ እንዲያውም ያምርባት ነበር።" ከዚያ ቦርሳዋን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዞረች። "ጠይቀሽኝ አታውቂም እንጂ እነግርሽ ነበር።"

እውነቷን ነው፣ ጠይቄያት አላውቅም። ስሟን ስጠራ የሚከፋት ይመስለኝ ነበር።

"እኔስ የትኛው ላይ ነኝ?" አለችኝ።

እንዲያው በቀላሉ ነው የጠየቀችኝ፣ ፎቶ ላይ እንደሚጠየቀው። ዓይኔ አዳራሹን ዞረ። እናቴ፣ እናቴ፣ እናቴ፣ አባቴ የሄደበት መንገድ፣ እናቴ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። እጄ ዝም ብሎ ተነሳና ወደ ኋላ፣ ወደ ሽንት ቤቱ በር ጠቆመ።

"ያ ነው" አልኳት።

ሄደች። ቆመች። ረጅም ጊዜ አየችው። "ይሄ?"

"አዎ።"

"ርዕስ የለውም።"

"ገና ነው፣ እጽፍለታለሁ።"

"ብዙ ቀለም አለበት" አለችና ፈገግ አለች። ከካርዱ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። "በይ ከመሰላሉ እንዳትወድቂ።" ወጣች።

ጨርቁን አሳየኋት። ያሳደገችኝን ሴት የት ነኝ ብትለኝ ቆሻሻዬን የምጠርግበትን ጨርቅ አሳየኋት፣ ሽንት ቤት አጠገብ። እሷም ደስ አላት። ምላሴን በቆረጠው።

ሚያዝያ 23፣ ረቡዕ

ልንገራት? ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ። ደስ ብሏት ትምጣ። የምለብሰው የለኝም። ትልቁ ሸራ አሁንም መሃሉ ይጣበቃል።

ሚያዝያ 25፣ ዓርብ

ትናንት አለፈ። ሁሉም ጥሩ ነበር ይላሉ። ሁለቱም አዳራሾች ሞልተው ነበር፣ ጋዜጠኛ መጥቶ ነበር፣ አለቃዬ ከነሚስቱ መጥቶ "የኔ ሠራተኛ ናት" እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባል።

እቴቴ ከልጇ ጋር መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ገብታ ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደች። ብትቀመጥ ይሻላታል ብለው ወንበር አመጡላት፣ እምቢ አለች፣ ከዚያ ጉልበቷ አሸነፋትና ከሸራው ሥር ተቀመጠች። ሽንት ቤት ገብቶ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያለ እሷ ማለፊያ የለውም። "እንደምን አመሻችሁ። ይሄ እኔ ነኝ" ትላቸዋለች፣ ሸራውን በአገጯ እያመለከተች። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ቆሞ ያያል። አንድ ሰውዬ እጁ ገና እርጥብ ሆኖ ሳለ እሷን ጨብጦ "ይመስላሉ" አላት። ሰዉ መሃሉን አዳራሽ ትቶ ወደዚያ ሲሄድ አየሁ።

ቡናማ ኮት የለበሰ አርክቴክት ነኝ የሚል ሰው ባለሻርፗን ጠራት። እሷ በደስታ እየተራመደች ወደኔ መጣች። "የኋላውን ሊገዛው ነው፣ ያለ ክርክር" አለችኝ።

"እሱ አይሸጥም።"

"ምን ማለት ነው አይሸጥም?"

"አይሸጥም ማለት ነው።"

ስትናደድ ሻርፗን ታጠብቃለች ብያለሁ። ድምፅ መቀነስ ግን አታውቅም። "ብሩሽ የምጠርግበት ጨርቅ ነው፣ አልሰቅልም ብለሽ ስትነዘንዢኝ አልነበር? አሁን ከመቼ ወዲህ ነው የማይሸጠው?"

እቴቴ ከኋላዋ ነበረች። ሁለት እርምጃ እንኳ አትርቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቀና ብላ አላየችንም። ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ አስተካከለች፣ ዚፑን ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው።

ትንሽ ቆይታ "ጉልበቴ ደከመ፣ እኔ ልሂድ" አለች። ወንድሜ ደግፎ ወሰዳት። በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝ፤ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልቀለደም። እኔ እዚያው ቆሜ የመጣውን እየጨበጥኩ ስስቅ አመሸሁ። ጥርሴን ሁሉ አሞኛል።

ሚያዝያ 27፣ እሑድ

አትምጪ ከማለቷ በፊት ብዬ በጠዋት ሄድኩ። ልብስ አጥባ እያሰጣች ነበር፤ ጉልበቴን አሞኛል ያለችው ሴትዮ ገመድ ላይ አንሶላ ስትዘረጋ አገኘኋት። ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩላት።

"እቴቴ፣ ዋሽቼሻለሁ።"

"አውቃለሁ። ሳቢው፣ ተሸብሽቧል።"

"ሐሙስ ስትሰሚ ነው ያወቅሽው?"

"ማክሰኞ። ገና እጅሽን ስታነሺ። ሃያ ምናምን ዓመት ጆሮዬን ስልክ ላይ ሰክቼ የሰው ውሸት ስሰማ ኖሬ የአንቺ ይጠፋኛል?" አንሶላውን በመቆንጠጫ ያዘችው። "ደግሞ ያንን ሸራ አውቀዋለሁ እኮ። አንድ ክረምት ጣሪያሽ አፍስሶ ዕቃ ልናወጣ መጥተን፣ አረንጓዴ ቀለም እጄ ላይ ተደፍቶ 'እሱ ላይ ጥረጊው' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

አላስታውስም። ጣሪያው ማፍሰሱን አስታውሳለሁ፣ እሷ መምጣቷን አስታውሳለሁ፣ እጇን አላስታውስም።

"ከታች በኩል ነው፣ ወደ ጥግ" አለች። "ማክሰኞ ፈልጌ አገኘሁት። ያለሁበት መስሎሽ አይደለም የጠቆምሽው፣ ግን አለሁበት።" ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን እዚያ ተቀመጥሽ? ለሰው ሁሉ ለምን ነገርሽ?"

"ደስ ብሎኝ ነዋ።"

"መዋሸቴ ነው ደስ ያለሽ?"

"ባዳ ብሆንብሽ ኖሮ 'አንቺ የለሽበትም' ብለሽ ትገላገይኝ ነበር። ለባዳ ማን ላብ እያጠመቀው ይዋሻል? መሰላል ላይ ሆነሽ ስትንቀጠቀጪ አይቼሻለሁ። አንጀቴን ነው የበላሽው።" ከዚያ የያዘችውን መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰክታ ሳቋን አቆመች። "ካርዱ ግን ከፍቶኛል። እሱን እኔ ልዋሽሽ አልችልም። በጣም ነው የከፋኝ። በሰው ቤት አላደግሽም።"

"አላደግኩም።"

"አንድ ቀን ተለይተሽ የበላሽው፣ ተለይተሽ የተገረፍሽው ነገር አለ?"

"የለም፣ እቴቴ።"

"ታዲያ ለምን?"

ይቅርታ አልኳት። የምለው ሌላ አልነበረኝም፣ ምክንያት ብፈልግ ምክንያት የለኝም። ደንበኛ ቆሞ ነበር ልበላት? አለቀስኩ፣ እሷም እርጥብ እጇን አንገቴ ላይ አድርጋ "በቃ፣ በቃ፣ ልብሱ ላይ እንዳታለቅሺ" አለችኝ።

ከዚያ ገብተን ተቀመጥንና ጠየቅኳት። ስለ እናቴ። ረጅም አንገት ያልሽው፣ ጥርሷ ያልሽው፣ ሌላስ? እስኪመሽ ነገረችኝ። ከእናቴ ጋር ጓደኛ ነበሩ ለካ፣ አባቴን ከማግባቷ በፊት። አንድ ላይ ሥራ ያመለከቱ ናቸው፣ እቴቴ ተቀጠረች፣ እናቴ ቀረች። ስትሞት ከጎኗ የነበረችው እቴቴ ናት። "ያዢልኝ አላለችኝም" አለችኝ፣ "እንዲህ ብላለች ብዬ አልዋሽሽም። መናገር አልቻለችም ነበር። እኔ ነኝ ያነሳሁሽ። ማንም አላዘዘኝም።"

ይሄን ሁሉ ዓመት ፊቷን ፍለጋ ሸራ ስፍቅ፣ የሚያውቃት ሰው በየእሑዱ ፊቴ ተቀምጦ ነበር። ምን ዓይነት ደነዝ ነኝ።

ሚያዝያ 29፣ ማክሰኞ

ጋለሪው ሳይከፈት ሄድኩ። ጥበቃው አስገባኝ፣ መሰላሉን ራሱ አመጣልኝ። ማታ ሱቅ ውስጥ አዲስ ፊደል ቆርጬ ነበር። ከ"በሰው" ጀምሬ መስመሩን በስለት ፈቅኩት፣ ሙጫውን በደንብ አጠብኩ፣ በቦታው የኔን ለጠፍኩ። አሁን "እቴቴ አንስታ ያሳደገቻት ሠዓሊ" ይላል። ፊደሉ ከሌላው ትንሽ ይተልቃል፣ ልኩን ሳልለካ ቆርጬ ነው። አላስተካከልኩትም።

ባለሻርፗ ሱቅ ደወለች። ጮኸችብኝ፣ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ሲደክማት "ይሁን፣ ግን ሰው ምን ይገባዋል? እቴቴ ማናት ብሎ ቢጠይቅስ?" አለችኝ።

"ይጠይቀኛ" አልኳት።